ጠምበለልን በግቢ አጥር ላይ ማሳደግ

ጠምበለል የሚለው ስም በአማርኛ ግጥምና ዘፈን ውስጥ ለመልከ መልካም ሴት ሲሰጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተክሉን ራሱን አይቶ «ይኸውላችሁ ጠምበለል» የሚል ሰው ግን፣ ቢያንስ እኔ በማውቃቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች፣ ብዙ አላጋጠመኝም። በግንብ አጥሮቻችን ላይ ተንዠርጎ የሚታየው በአብዛኛው ቦገንቪሊያ ነው፤ ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል፣ ውሃ ቢጠፋም ይችላል፣ ነገር ግን መዓዛ የለውም፣ እሾሁም ልጆች ባሉበት ግቢ ያስቸግራል። ማታ የግቢውን በር ሲከፍት የሚቀበለው መዓዛ ለሚሻ ሰው የአገሩ ደጋ ራሱ ያበቀለው ሐረግ አለለት። ከዚህ በታች የምጽፈውም ያን ሐረግ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ከችግኝነቱ አንሥቶ አጥር እስኪሸፍን ድረስ እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል ነው።

የትኛው ጠምበለል?

ጠምበለል፣ አንዳንዶች ጠንበለል የሚሉት፣ የእጽዋት ሊቃውንት ጃስሚነም አቢሲኒከም ብለው የመዘገቡት የጃስሚን ዓይነት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ጀምሮ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ በተራራማ ደኖች ውስጥና በደን ዳርቻ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል፤ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅጠል ሦስት ሆኖ የተከፈለ ነው፤ ከሦስቱ መካከለኛው ከፍ ይላል። መልካቸው የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አበባው ነጭና ኮከብ መሳይ ሲሆን፣ ገና እምቡጥ ሳለ ጀርባው ቀላ ይላል። ፍሬው መንታ ሆኖ ይይዝና ሲበስል ይጠቁራል።

በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላም አለ። ጃስሚነም ግራንዲፍሎረም የሚባለው ይህ ዘመዱ ቅጠሉ ከአምስት እስከ ሰባት የተከፈለ፣ አበባውም ተለቅ ያለ ነው፤ በፈረንሳይ አገር ግራስ በምትባለው የሽቶ ከተማ አካባቢ ለሽቶ ሥራ በማለዳ የሚለቀመው የጃስሚን አበባ የዚህ ዓይነት ነው። ከችግኝ ሻጮች ዘንድ «ጠምበለል» ወይም «ጃዝሚን» ተብሎ የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አይደለም። አንድ ጊዜ ችግኝ የሸጠልኝ ሰው የአገር ቤቱ ጠምበለል ነው ብሎ ቢምልልኝም፣ በዓመቱ ሲያብብ እምቡጡ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ዘለላው እጅብ ብሎ ወጣ፤ ከቻይና የመጣው ጃስሚነም ፖሊያንተም ነበር። መጥፎ ተክል አይደለም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይፈጥናል። ገዢው የሚገዛውን ማወቅ ስላለበት ግን ከመክፈልዎ በፊት ቅጠሉን ይቁጠሩ፤ ሦስት ከሆነ የፈለጉትን አግኝተዋል።

ለቆላና ለሞቃት ወይና ደጋ ከተሞች፣ ለምሳሌ ለድሬዳዋ፣ ለአርባ ምንጭ ወይም ለአዳማ፣ ምርጫው ሌላ ነው። ዓረቦች ፉል የሚሉት ጃስሚነም ሳምባክ ቅጠሉ ያልተከፈለ አንድ ወጥ ነው፤ አበባው አንዳንዴ እንደ ትንሽ ጽጌረዳ ተደራርቦ ይፈካል፣ ሙቀትም ይወዳል። አዲስ አበባ ላይ ሊያሳድጉት የሞከሩ ሰዎች የሚያማርሩት በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊት ቅዝቃዜ እድገቱ ስለሚቆም ነው፤ ጥፋቱ ግን የተከላው ቦታ እንጂ የተክሉ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጃስሚን የወይራ ዘመድ ነው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ቡና ሲያብብ ጅማ ወይም ሲዳማ የደረሰ ሰው «ይህ ሽታ የጠምበለል ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ እ.ኤ.አ. በ1713 ፈረንሳዊው የእጽዋት ሊቅ አንቷን ደ ዡሲዩ ራሱ ቡናን ከጃስሚን ወገን መድቦት ነበር። ቡና ግን ዝምድናው ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ የሚያመሳስላቸው ነጭ አበባቸውና መዓዛቸው ነው።

ቦታ መምረጥ

ጠምበለል በጥላ ውስጥ አይሞትም፤ በደን ውስጥ የኖረ ስለሆነ ጥላን ይችላል። በጥላ ውስጥ ግን ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። በሚገባ እንዲያብብ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ሊያገኝ ይገባል። በአዲስ አበባ ይህን ለማሟላት የግንቡን አቅጣጫ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከተማዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስላለች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፤ በመሆኑም ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ከፍ ያለ ግንብ በነዚያ ወራት ሥሩ ያለውን ሁሉ ጥላ ያለብሰዋል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ግንብ ከሁሉም የተሻለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ያለችው ጥቂት ፀሐይ የምትገኘው ጠዋት ነው። የምዕራብ ግንብ በበጋ ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ስለሚግል ወጣት ሐረግን ያጠወልጋል።

መዓዛው ከምሽት ጀምሮ እስከ ሌሊት ይበረታል፤ ነጭ አበባ በጨለማ የሚጠራው የሌሊት በራሪ ነፍሳትን ነውና። ስለዚህ ማታ ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ በረንዳውን ወይም የሳሎኑን መስኮት፣ አስቀድመው ያስቡ። ሐረጉን በግቢው ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ ተክሎ «አይሸትም» ብሎ ማማረር ተገቢ አይደለም። የመኝታ ክፍል መስኮት ሥር መትከልን ግን አልመክርም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሲታፈን ራስ ምታት የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ።

ከግንቡ ላይ የመብራት ቆጣሪ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥር ወይም የጣሪያ አሸንዳ ካለ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቁ። ሐረግ የሚወጣበትን አይመርጥም።

አፈሩ

አብዛኛው ሰው ጠምበለልን የሚያጣው በድርቅ አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ያጣሁት እንዲሁ ነው። ቤታችን የሚገኘው ዋልካ አፈር ባለበት ሰፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ደግሞ ከጫማ አይለቅም። መጽሐፍ እንደሚለው ሃምሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ጥሩ ኮምፖስት ሞልቼ በሰኔ ተከልኩ። በነሐሴ ቅጠሉ መቢጨት ሲጀምር የራበው መስሎኝ ዩሪያ ጨመርኩለት። በመስከረም ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ ሆኖ፣ ልጡ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ልጣጭ በጣቶቼ መካከል እየተንሸራተተ ወጣ፣ ሽታውም የቆመ ቦይ ሽታ ነበር። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረና ለስላሳ አፈር የተሞላ ጉድጓድ ማለት ቀዳዳው የተደፈነበት ገንዳ ማለት ነው፤ ከዙሪያው የሚፈሰው ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ መውጫ ግን የለውም።

ስለዚህ አስቀድመው ይፈትኑ። በመረጡት ቦታ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው በባልዲ ውሃ ይሙሉት፤ ውሃው ሲሰርግ በድጋሚ ይሙሉትና ሰዓት ይመልከቱ። ሁለተኛው ውሃ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ አፈሩ ጤነኛ ነው፤ በከተማው ሰሜን፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ ቀይ አፈር ባለባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው እንዲህ ይሆናል። እስከ ማግሥቱ ቆሞ ካደረ ግን ጉድጓዱን ይተዉትና ወደ ላይ ይሥሩ። ከመሬቱ በላይ ሠላሳ እስከ አርባ ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአፈር ጉብታ ይሥሩ፤ ዳሩን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይደግፉት። ከሥሩ ለሕንፃ ሥራ የሚመጣውን ቀይ አሽ አንድ ጋሪ ቢያነጥፉ ውሃውን ያሳልፋል። ሁለተኛውን ችግኜን በዚህ መንገድ ተክዬ እስካሁን አለ።

የአፈሩ ድብልቅ ሁለት እጅ የላይኛው አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ይበቃል። ፍጉ ያልበሰበሰ ከሆነ ሥሩን ያቃጥላል፤ እጅ ውስጥ ሲፈረፍር የጫካ አፈር ሽታ እንጂ የበረት ሽታ ሊኖረው አይገባም። አዲስ በተሠራ ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ ከግንቡ ሥር ያለው አፈር አፈር አይደለም፤ የሲሚንቶ፣ የኖራና የፍርስራሽ ቅይጥ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተተከለ ሐረግ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ይቢጫል፤ ይህም በአፈሩ የኖራነት ጠባይ የተነሣ ብረት የተባለውን ማዕድን ማግኘት ሲያቅተው የሚታይ ምልክት ነው። ፍርስራሹን እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥቶ በሌላ አፈር መተካት እንጂ መድኃኒት መርጨት መፍትሔ አይሆንም።

መወጣጫው

ጠምበለል የሚይዝበት ጅማትም ሆነ ግንብ ላይ እንደሚለጠፉ ሐረጎች የሚጣበቅበት እግር የለውም። የሚወጣው የግንዱን ጫፍ በአየር ላይ እያዞረ፣ ያገኘውን ቀጭን ነገር በመጠምጠም ነው። ጠዋት ጫፉ ወደ በሩ ሲያመለክት ያዩት ቅርንጫፍ ከቀትር በኋላ ወደ ግንቡ ዞሮ ያገኙታል፤ ምልክት አድርገው ቢከታተሉት ያስደንቃል። ከዚህ ጠባዩ የተነሣ ልሙጥ ግንብም ሆነ ወፍራም የብረት ቱቦ አይጠቅመውም። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ በአግድም በየአርባ ሳንቲ ሜትሩ ይዘርጉ፤ በየሁለት ሜትሩ ደግሞ ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ይሳቡ። ሽቦው ከግንቡ ቢያንስ አሥር ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በመካከል አየር ካላለፈ ቅጠሉ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ግንቡንም ለመቀባት ሲፈለግ ሐረጉን መቁረጥ ግድ ይሆናል። ለቆርቆሮ አጥር ሽቦውን በቋሚ እንጨቶቹ ላይ ይሰሩ እንጂ ወደ ቆርቆሮው አያስጠጉት፤ ቆርቆሮ በቀትር የሚነካውን ቅጠል ይጠብሳል።

ሽቦው ከችግኙ በፊት ሊዘረጋ ይገባል። አንድ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተጎንጉኖ የተጠላለፈን ሐረግ ፈትቶ ወደ ላይ መሳብ ብዙ ቅርንጫፍ ያሰብራል።

መትከልና የመጀመሪያው ዓመት

የመትከያው ጊዜ ክረምቱ በሚገባ ከገባ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ችግኙ ሥሩን ለመስደድ ሁለት ወር ያህል ዝናብ ያገኛል፣ በጋው ሲገባም ጠንክሮ ይጠብቀዋል። የውሃ መስመር ያለው ሰው በበልግም ሊተክል ይችላል፤ በበጋ ግን ባይጀምሩ ይሻላል።

ከግንቡ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይትከሉ፤ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር የዝናብ ጥላ ስላለበት በክረምት እንኳ ደረቅ ሊሆን ይችላል። የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደው ያውጡ፤ ሳይቀዱ እንደነበረ የቀበሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ሥሩ በከረጢቱ ቅርፅ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ ከታች ትንሽ ይበታትኑት። በከረጢቱ ውስጥ አፈሩ ይደርስበት የነበረውን የግንድ ከፍታ ሳያሳልፉ፣ ወደ ግንቡ ትንሽ አዘንብለው ይትከሉትና በእግር ሳይሆን በእጅ ይጫኑት። ከዚያ እስከ ሽቦው የሚያደርስ ቀርከሃ ወይም ቀጭን እንጨት ያስደግፉት፤ ሲያስሩም በላላ የጨርቅ ቁራጭ ይሁን። ወደ አንድ አቅጣጫ የጀመረውን ጠምዛዛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለማዞር አይታገሉ፤ ሌሊቱን ራሱ ይፈታዋል።

ዝናቡ ሲያቆም የመሬቱን እርጥበት ማቆየት ይገባል። በእንቁጣጣሽ ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ጠርገው አይጣሉት፤ ደርቆ እንደሆነ ከግንዱ አንድ ጣት ያህል አርቀው በሥሩ ዙሪያ ያልብሱት። ጊዜው እንደ ተነጋገረ ሰው በትክክል ይገጥማል፤ ዝናቡ የሚያልቅበትና ቄጤማው የሚጠረግበት ሰሞን አንድ ነው። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው የጀሪካን ግማሽ፣ ማለትም አሥር ሊትር ያህል ያጠጡ፤ ዋልካ ላይ ከሆነ አንዱ ይበቃል። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፣ እርጥበት ከነካዎ ለነገ ይተዉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአትክልት ወይም የጤፍ እጣቢ ማፍሰስ ይቻላል፤ የልብስ እጣቢ ግን በዱቄት ሳሙናው ጨው የተነሣ አፈሩን ያበላሻል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በቂ ነው።

ውርጭ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች፣ በተለይ ቀዝቃዛ አየር በሚቆይባቸው ዝቅተኛ ሜዳዎች ላይ፣ ለጋውን ጫፍ ሊያቃጥል ይችላል። የደጋ ተክል ስለሆነ ዋናው ግንድ አይሞትም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ምሽት አሮጌ ነጠላ ጣል ቢያደርጉበት አይቀየምዎትም። ጠዋት ማንሣትዎን አይርሱ።

ማዳበሪያ

ስለ ማዳበሪያ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግ መጀመሪያና በሰኔ፣ ሁለት ባልዲ የበሰበሰ ኮምፖስት በሥሩ ዙሪያ ማፍሰስ ይበቃዋል። ዩሪያ የሚሰጡት ሐረጉ በፍጥነት አጥሩን እንዲሸፍን ስለሚፈልጉ ነው፤ ይሸፍናልም፣ ነገር ግን ናይትሮጅን የጠገበ ተክል ቅጠል ማብቀሉን እንጂ ማበቡን አያስብም። «አረንጓዴ ሆኖ አያብብም» የሚሉ ሰዎችን ስጠይቃቸው መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወይ ጥላ ነው ወይ ዩሪያ። የቡና አተላ ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ጥሩ ነው፤ በየቀኑ በግንዱ ሥር ከተደፋ ግን ቅርፊት ሠርቶ ውሃ አያሳልፍም።

መከርከም

መከርከም ሰዎች የሚፈሩት ሥራ ነው፣ ከተከላው ይልቅም የሐረጉን መልክ የሚወስነው እሱ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ዋናው አበባ ካለፈ በኋላ ወዲያው ይከርክሙ። አበባው የሚወጣው በአዳዲስ የጎን ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እምቡጥ ሊቋጥር ሲል ጫፉን የቆረጠ ሰው የዚያን ዓመት መዓዛ አብሮ ቆርጧል። አንድ ዓመት እንግዳ ይመጣል ብዬ አጥሩን ላሳምር በተሳሳተ ሳምንት መቀስ አንሥቼ፣ እንግዶቹም መጥተው ሄዱ፣ አበባውም ሳይታይ ቀረ።

በመጀመሪያው ዓመት ዋናውን ጫፍ ሁለት ጊዜ መቀንጠብ ከታች ብዙ ግንድ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ይህ ካልተደረገ ሐረጉ ወደ ላይ ሮጦ ከአጥሩ ራስ ላይ ይከመራል፤ ከታች ደግሞ እንጨቱ ተራቁቶ የአሮጌ መጥረጊያ እጀታ መስሎ ይቀራል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ካሉት አሮጌ ግንዶች አንድ ሦስተኛውን ከመሬት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ፤ በየዓመቱ እንዲህ ሲደረግ በሦስት ዓመት ውስጥ ሐረጉ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ደረቁን፣ ወደ ውስጥ የሚጠማዘዘውንና መሬት ላይ የሚንከባለለውን ግን በማንኛውም ጊዜ ማንሣት ይቻላል። ለብዙ ዓመት ያልተነካና ውስጡ የወፍ ጎጆ የሆነ ሐረግ ሲረከቡ፣ በሰኔ መጀመሪያ ሁሉንም እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይቁረጡት። ለአንድ ዓመት አበባ አይጠብቁ፤ ይመለሳል።

ማባዛት

ከደን ተክሉን ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ ያደገ ሐረግ ሥሩ ረጅም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ይሞታል፣ ደኑም አንድ ተክል ይጎድለዋል። ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ መለመን ይበቃል። ያልለጋ፣ ያልጠነከረም፣ ሲያጎብጡት የሚለመጥ ቅርንጫፍ መርጠው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከአንጓ በታች ይቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥተው ሁለቱን አንጓዎች እኩል አሸዋና ኮምፖስት ባለበት ዕቃ ውስጥ ይቅበሯቸው። ከላይ ከሁለት ላይ የተቆረጠ የውሃ ሃይላንድ ቢደፉበት እርጥበቱን ይይዛል፤ በቀን አንድ ጊዜ አየር እንዲያገኝ ያንሡት። በጥላ ሥር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ጎትቶ ማየት ያጓጓል፣ ግን ገና የበቀለውን የሥር ፀጉር ይበጥሳል፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ያን ጊዜ ሥር ይዟል ማለት ነው። አሥር ከተተከለ አራት አምስት ቢይዝ አይዘኑ።

ከዚህ ይልቅ የማይስተው መንገድ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይለዩ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ አንድ አንጓውን በምላጭ ጥቂት ፍቆ አፈር ማልበስና ድንጋይ መጫን ነው። በክረምት መጀመሪያ የተቀበረ ቅርንጫፍ በጥቅምት ወይም በኅዳር ሥር ይዞ ይገኛል፤ ያኔ ከእናቱ ይቆረጣል።

ተባይ

በለጋ ጫፍ ላይ የሚሰፍረው ክሽክሽ ዋናው እንግዳ ነው። በብዛት ሳይራባ በጣት መጥረግ ወይም በውሃ ግፊት ማጠብ ይበቃል፤ ከበረታ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ማታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፣ በቀትር ፀሐይ የተረጨ ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥላል። ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ነገር ቅጠሉ ላይ ካዩ በሽታው እሱ አይደለም፤ ተባዮቹ በሚጥሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነውና ተባዩን ካጠፉ ይጠፋል። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ከጀርባው ቀጭን ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነው፤ አቧራማ መንገድ አጠገብ ያሉ አጥሮች ይበዛባቸዋል፣ ቅጠሉን በየሳምንቱ በውሃ ማጠብም ይቀንሰዋል። ሲያብብ ጠንካራ ኬሚካል መርጨት ንቦችንም ስለሚገድል አይገባም።

ከአገር ውጭ ላሉ

በዋሽንግተን አካባቢና በአውሮፓ ለሚኖሩ ጠምበለልን በግቢ መሬት ላይ ማሳደግ አስቸጋሪ ነው፤ የዚያ አገር የብርድ ወቅት ይገድለዋል። በማሰሮ ተክለው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ 5 ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል። ከቻይና የመጣው ዓይነት ለዚህ ይመቻል፤ እምቡጥ ለመቋጠር በመከር ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ ሌሊትና ብሩህ ቀን ስለሚያስፈልገው፣ ቶሎ ብለው ወደ ሞቀ ሳሎን ካስገቡት አያብብም። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ቢጫ አበባ ያለው ካሮላይና ጀሳሚን የሚባል ሐረግ በአትክልት መሸጫዎች ይገኛል፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ጃስሚን አይደለም፣ ሁሉ ነገሩም መርዛማ ነው፣ ልጆችና ከብት ባሉበት አይትከሉት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ፉሉ በበረንዳ ላይ በትልቅ ማሰሮ ያድጋል፤ ከቀትር በኋላ ጥላ፣ በሙቀቱ ወራት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል።

አበባውን መልቀም

አንዱ አበባ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ለመልቀም አይሳሱ፣ ነገ ሌላ ይፈካል። ማታ ሊከፈት የደረሰውን፣ ጫፉ የላላውን እምቡጥ በጥፍር ለቅመው ጠፍጣፋ ሳሕን ላይ በትንሽ ውሃ ቢያንሳፍፉት ቤት ውስጥ ይከፈታል። ፍሬውን ግን ለልጆች አያስነኩ። ቅጠሉን ለኮሶ ትል እንደ ባህል መድኃኒት የሚጠቀሙ መኖራቸው ይታወቃል፤ መጠኑን ሳያውቁ መቅመስ ግን ለራስ ጉዳት ነው።

ሳሕኑን ከቡናው ረከቦት አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ዕጣኑ ሲጨስ የጠምበለሉ ሽታ ይዋጣል። ሦስተኛው ሲኒ አልቆ ጭሱ ሲበተን፣ መስኮቱን ከፍተው ያምጡት።